ሁለቱ አደራዎች፤ ንዋያተ ቅድሳትና ሕፃናት

እግዚአብሔር ለሰው በአደራ ከሰጠው ነገር መካከል ብርቱ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት አሉ። አንደኛው በቤተ መቅደስ ለስሙ አገልግሎት የተለየው ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ሁለተኛው በየቤታችን የተወለደው ሕፃን ነው። ለሰው አሳብ እነዚህ ሁለቱ የተራራቁ ይመስላሉ፤ አንዱ የቄሰ ገበዙና የዕቃ ቤት ጠባቂው፥ ሌላው የአባትና የእናት ሥራ ነው ተብሎ ይለያልና። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን በብዙ ስፍራ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስቀድመን የመጻሕፍትን ምስክርነት እንመለከታለን፤ ቀጥሎም በቤተ ክርስቲያን ቤተ መዘክር በየዕለቱ ከምናየው፥ በየቤታችንም ከሕፃናት ጋር ከሚገጥመን ነገር ምሳሌ እያመጣን ለካህናትና ለምእመናን የሚጠቅመውን እንናገራለን።

ሀ. ቤተ መዘክር ስለ መባሉ

ዘከረ ማለት በግእዝ አሰበ፥ አስታወሰ ማለት ነው። ከዚህ ግሥ ዝክር፥ ተዝካር፥ መዘክር የሚሉት ስሞች ይወጣሉ። የቅዱሳንን በዓል በማኅበር የምናከብርበት ዝክር፥ ያረፈውን ወገናችንን በጸሎትና በምጽዋት የምናስብበት ተዝካር፥ የአባቶችን ሥራ የምናስታውስበት ቤተ መዘክር፥ ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ ቤተ መዘክር ማለት በስሙ ትርጓሜ የማስታወሻ ቤት ማለት ነው። ዕቃ ግን ራሱን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሰው ሲኖር መዘክር ይሆናል፤ የሚያስታውሰው ሰው ሲጠፋ ብረቱ ብረት፥ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት መና በሚቀጥለው ቀን የሚተላ ምግብ ሆኖ ሳለ፥ አንድ ጎሞር ያህል ተለይቶ እንዲጠበቅ እግዚአብሔር አዘዘ። ምክንያቱንም ገልጦ ሲናገር፥ በኋላ የሚነሣው ትውልድ አባቶቹ የበሉትን ያይ ዘንድ ነው አለ (ዘጸ. 16)። ኢያሱም ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስነሥቶ አቆመ፤ ልጆች «ይህ ምንድር ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ አባቶች የወንዙን መከፈል እንዲነግሯቸው አዘዘ (ኢያ. 4)። የፋሲካውም ሥርዓት በተሠራ ጊዜ ስለ ልጆች ጥያቄ አስቀድሞ ተነግሯል (ዘጸ. 12)። በእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ዕቃው የቆመው ሕፃኑ አይቶ እንዲጠይቅ ነው፤ አባትም በዚያ የተገኘው እንዲመልስ ነው። ጠያቂ ልጅና መላሽ አባት ባይኖሩ ኖሮ ድንጋዮቹ ከሌላው የወንዝ ድንጋይ የሚለዩበት ነገር አልነበረም።

ለ. ሦስት ምስክሮች

ስለ ሁለቱ አደራዎች አንድነት ሦስት ምስክሮች እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የዔሊ ቤት ነው። ዔሊ በሴሎ የታቦተ ጽዮን ጠባቂ ነበረ። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ከመቅደሱ አጠገብ አደጉ፤ ነገር ግን የመቅደሱን ጌታ አላወቁም። ሕዝቡ ካመጣው መሥዋዕት ገና ስቡ ሳይጤስ በሜንጦ እየነጠቁ ይወስዱ ነበር። አባታቸው ገሠጻቸው፤ ተግሣጹ የተነገረን ግን እርሱ ካረጀ፥ እነርሱም ከጎለመሱ በኋላ ነው። ፍልስጥኤማውያን በመጡ ጊዜ ሁለቱ ልጆች ሞቱ፤ ታቦቷም ተማረከች። ወሬ ነጋሪው ሁለቱን መርዶ በአንድ ቃል አመጣለት። በዚያው ቤት ውስጥ ግን ሌላ ሕፃን ነበረ። እናቱ ሐና ጡት ካስጣለችው በኋላ ለእግዚአብሔር የሰጠችው ሳሙኤል በታቦቷ አጠገብ ይተኛ ነበር፤ ሲነጋም የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች የሚከፍተው እርሱ ነበር። ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ታመጣለት እንደ ነበር መጽሐፍ ሳይንቀው ጽፎታል (1ኛ ሳሙ. 2 እና 3)። ልጁ በሩቅ ሳለ ቁመቱን በልቧ እየለካች በየዓመቱ ልብሱን የምታሰፋ እናት ባትኖር፥ የዚያን ሕፃን ነገር ማን ያስበው ነበር? በአንድ መቅደስ ጥላ ሥር ሁለት ዓይነት ልጆች አደጉ። ከመቅደስ አጠገብ መኖር ብቻውን ልጅን እንደማያሳድግ በዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው የንጉሥ ሕዝቅያስ ነገር ነው። ከሕመሙ በተፈወሰ ጊዜ ከባቢሎን መልእክተኞች መጡ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል እንደሚነግረን አመጣጣቸው በምድሪቱ ስለ ተደረገው ተአምራት ለመጠየቅ ነበር (2ኛ ዜና 32)። እርሱ ግን ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ብሩንና ወርቁን፥ ሽቱውንና የጦር ዕቃውን አሳያቸው። ስለ ተአምራቱ ለጠየቁት ዕቃውን አሳየ፤ ስለ ፈወሰው አምላክ የነገራቸው ነገር አልተጻፈም። ነቢዩ ኢሳይያስም መጥቶ፥ ያሳየኸው ሁሉ ወደ ባቢሎን ይፈልሳል፥ ከአብራክህ ከሚከፈሉትም ልጆች ይወሰዳሉ አለው (ኢሳ. 39)። እዚህም ግምጃ ቤቱና ልጆቹ በአንድ ፍርድ ተያይዘው ተነገሩ። ቤተ መዘክሮቻችንን ለጎብኚ በምንከፍትበት በዚህ ዘመን ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ማንበብ ይገባል።

ሦስተኛው የዕዝራ ጉዞ ነው። ዕዝራ ከባቢሎን ሲመለስ የቤተ መቅደሱን ዕቃ የሚሸከሙ 12 የካህናት አለቆችን ለየ፤ ብሩንና ወርቁን መዝኖ በእጃቸው ሰጣቸው። ኢየሩሳሌም በደረሱ በ4ኛው ቀን ዕቃው እንደ ገና ተመዘነ፤ ቁጥሩና ሚዛኑም ተጻፈ። እነሆ፥ ዛሬ በየአጥቢያው ርክክብ የምንለው ሥርዓት በመጽሐፍ እንዲህ ተሟልቶ ይገኛል። ከጉዞው አስቀድሞ ግን በአኅዋ ወንዝ አጠገብ ጾም ዐውጆ ነበር። የጾሙም ምክንያት በመንገድ ስለ ራሳቸው፥ ስለ ሕፃናታቸውና ስለ ገንዘባቸው ሁሉ የቀናውን መንገድ ከእግዚአብሔር ለመለመን ነበረ (ዕዝ. 8)። ዔሊና ሕዝቅያስ ሁለቱን በአንድነት ያጡ እንደ ሆነ፥ ዕዝራ ሁለቱን በአንድነት ይዞ ገባ።

ሐ. በቤተ መዘክር ውስጥ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በቤተ ክርስቲያን ቤተ መዘክር የሚያገለግል ካህን በመሆኑ በየዕለቱ ከሚያየው ጥቂቱን ያቀርባል።

የቤተ መዘክር ሥራ ለሩቅ ተመልካች ቀላል ይመስላል። በማለዳ በሩ ሲከፈት አስቀድሞ የሚታየው የአየሩ እርጥበት ነው። ብራና የእንስሳ ቆዳ ነውና እርጥበት ሲበዛበት ያብጣል፥ ይሻግታል፤ ድርቀት ሲበዛበት ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ በላዩ ያለው ቀለም ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ብልና ምስጥ፥ አይጥም እንዳይገባ ማዕዘኑ ሁሉ ይፈተሻል። የብርና የነሐስ መስቀል በሎሚና በአመድ እየተፈተገ ሲኖር በላዩ የተቀረጸው ጽሕፈት እየሳሳ እንደሚሄድ ታውቋልና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ አቧራው ይራገፋል። ሥዕልና ጽሕፈት በብርሃን ብዛት ይደበዝዛል፤ ስለዚህ የሙያው ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ዕቃ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመክራሉ።

የአራት ዓመት ያህል ሕፃን ልጅ ከእናቷ ጋር ገብታ፥ «አባ፥ እዚህ ለምን ጨለመ?» ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ እጅግ ያረጀ ስለ ሆነ ብዙ ብርሃን ዓይኑን እንደሚያመው ነገርናት። ከዚያ በኋላ ልጅቱ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ዞረች፤ እናቷ ስትናገርም ዝም እንድትል በጣቷ አመለከተቻት። በደጃፉ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሕፈት ተለጥፏል፤ ያ ጽሕፈት ያላደረገውን አንድ አጭር መልስ አደረገው።

በሌላ ቀን አምስት ዓመት የሚሆነው ብላቴና በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ካለው ጽና ፊት ቆሞ፥ «ይህ ጽና ለምን አይጨስም?» አለ። አባቱ ዝም እንዲል በእጁ ጎተተው። አባትየው ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ ብዙ አባቶች ለጥያቄው መልስ ስላጡ ጥያቄውን ነውር ያደርጉታል። እኛም ለብላቴናው፥ ጽናው የእመቤታችን ምሳሌ እንደ ሆነ፥ በውስጡ የሚገባው ፍም የመለኮት ምሳሌ እንደ ሆነ፥ ሦስቱ ሰንሰለቶች የሥላሴን ስም እንደሚያሳስቡን ነገርነው። ይህ ጽና ስላረጀ ዐርፏል፤ ወንድሙ ግን እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሲጨስ ታየዋለህ አልነው። ብላቴናው ወደ አባቱ ዘወር ብሎ፥ «እሑድ እንሂዳ» አለ። አባትየው ለጊዜው መልስ አልሰጠም፤ ሲወጣ ግን ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ጠይቆን ሄደ።

ማታ ጎብኚዎች ከወጡ በኋላ የሣጥኖቹን መስተዋት እንወለውላለን። ከላይ በኩል የትልልቆቹ የጣት ምልክት ይገኛል፤ ይህን ጎብኚ እያመለከተ የሚተወው ነው። ከታች በኩል፥ በሕፃን ቁመት ልክ፥ የትንንሽ ከንፈሮች ምልክት ይገኛል። ሕፃናቱ በመስተዋት ውስጥ ያለውን መስቀል ተሳልመውት ነው። ይህን አድርጉ ብሎ በዚያ ያዘዛቸው የለም፤ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። መስተዋቱን መወልወል ሥራችን ስለ ሆነ እንወለውለዋለን። ነገር ግን የከንፈር ምልክት የሌለበት ቀን ሲገጥመን ስለ መጪው ዘመን እንሰጋለን።

እዚህ ላይ ካህናት የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በሜሮን የከበረ ንዋየ ቅድሳት ለምን በተመልካች ፊት ይቀመጣል? ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታቦት ለትርእይት እንደማይቀርብ የታወቀ ነው፤ ይህም ሥርዓት አይለወጥም። ለአገልግሎት የሚበቃውም ዕቃ ስፍራው መቅደስ ነው፤ ለማስጌጥ ተብሎ ከአገልግሎት ሊወጣ አይገባውም። በእርጅና ወይም በሥጋት ምክንያት ማገልገል ያልቻለው ግን በየጥጉ ተጥሎ ከሚበሰብስ በክብር ቢያርፍ ይሻላል። አንዲት ከባላገር የመጡ አሮጊት የቤተ መዘክሩን መድረክ ተሳልመው ሲገቡ የልጅ ልጃቸው፥ «እማማ፥ ቤተ ክርስቲያን ነው እንዴ?» አለቻቸው። እርሳቸውም፥ «አይደለም ልጄ፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ያረፈበት ነው» ብለው መለሱላት። ከዚህ የተሻለ ፍቺ አልሰማንም። ዕቃው ያረፈ እንደ ሆነ ስለ እርሱ የሚናገር አንደበት ያስፈልገዋል፤ በአገልግሎት ሳለ ይናገር የነበረው እርሱ ራሱ ነበርና።

መ. በቤት ውስጥ

ሕፃን ያየውን ያደርጋል። በብዙ የካህናት ቤት እንደሚሆነው ሁሉ በእኛም ቤት ትንሹ ልጅ የቆርቆሮ ክዳን በሲባጎ አንጠልጥሎ ያጥናል፤ እኅቱ ነጠላዋን አጣፍታ ሕዝብ ትሆናለች፤ ካህኑ ዜማውን ሲረሳ ሕዝቡ ያስታውሰዋል። አንዳንድ ወላጆች ይህን እንደ ድፍረት ቆጥረው ልጁን ይመቱታል። በግንቦት 7 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ አትናቴዎስ ግን በሕፃንነቱ ከጓደኞቹ ጋር ካህንና ዲያቆን እየሆኑ ሲጫወት ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ እንዳየው፥ አስጠርቶም እንዳሳደገው ታሪኩ ይናገራል። ያን ቀን ልጁ በበትር ተባርሮ ቢሆን ኖሮ ብለን ማሰብ ይገባናል። ወሰኑን ማስተማር ግን የወላጅ ፋንታ ነው። ልጁ በቆርቆሮው ክዳን ይጫወት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጽና ግን የማይነካ መሆኑን፥ የሚነካውም ማን እንደ ሆነ ይወቅ። የማይነካ ነገር መኖሩን በፍቅር የተማረ ልጅ ሲያድግ የሌላውን አይነካም።

መጽሐፍን ስለ መያዝም እንዲሁ ነው። ሕፃን በግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለው ዳዊት እጁን ሲዘረጋ፥ «ተው፥ ትቀደዋለህ!» ብሎ መንጠቅ የተለመደ ነው። የተነጠቀ ልጅ ግን ወይ መጽሐፉን ይፈራል፥ ወይም ማንም በሌለበት ሰዓት ያወርደዋል። በቤተ መዘክር ለአዲስ ሠራተኛ የምናስተምረው ሥርዓት ለሕፃንም ይሆናል፤ ይኸውም እጅን አጥቦ ማድረቅ፥ በሁለት እጅ መቀበል፥ በጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መግለጥ፥ ወደ ማኅደሩ መልሶ በቦታው መስቀል ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ለመማር ሦስት ምሽት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ታናሹን እርሱ ራሱ፥ «በሁለት እጅህ!» እያለ ያስተምረዋል፤ የቤቱም ዕቃ ቤት ጠባቂ ይሆናል።

የሚከብደው የማታው ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ልጅ ሲመልስ የዋለ ሰው፥ ሌሊቱን በማኅሌት የቆመ ካህን፥ ከሥራ የደከመ አባት፥ የራሱ ልጅ ሲጠይቀው «ነገ» ማለት ይቀለዋል። የሕፃን ጥያቄ ግን እንደ መና ነው፤ በዕለቱ ካልተሰበሰበ አያድርም። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ቤቱን በመልካም የማያስተዳድር የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል ብሎ ጠይቋል (1ኛ ጢሞ. 3)። ለእርሱው በጻፈው በሁለተኛው መልእክት መጀመሪያ ምዕራፍም የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት አንሥቶ፥ በዚያው ምዕራፍ መልካሙን አደራ እንዲጠብቅ አዘዘው። አደራውን በጳጳስነቱ ከመቀበሉ በፊት በአያቱ ጉልበት ላይ ተቀብሎት ነበርና።

ሠ. ያወቁት ሲገኝ፥ ያላወቁት ሲረሳ

በሀገራችን የሆነውም ነገር ይህንኑ ያስተምራል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከተወሰዱት ጽላት አንዱ በስኮትላንድ፥ በኤዲንብራ ከተማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከ130 ዓመት በላይ ተቀምጦ ኖረ። በመጨረሻ ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ካህን አገኘውና ምን እንደ ሆነ ዐወቀ፤ በ1994 ዓ.ም.ም በክብር ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ያን ጽላት ያስመለሰው መጀመሪያ የአንድ ሰው ዕውቀት ነው። እንዲሁም አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ከሀገር ወጥቶ ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. ተመለሰ። ሕዝቡ በስሙ የሚያውቀው መስቀል ስለ ሆነ መጥፋቱ ሊሰወር አልቻለም። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላትም፥ ሊቃውንት ብራናውን በራድዮ ካርቦን መርምረው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን መካከል የመደቧቸው፥ ለእኛ የደረሱት ተተኪ መነኮሳት በየዘመኑ ከአበው እየተረከቡ ስለ ጠበቋቸው ነው።

በመዝገብ ያልገባ፥ ስሙን ሕፃን ያልሰማው ዕቃ ግን ሲጠፋ መጥፋቱም አይታወቅም። አባቶቻችን በመጻሕፍቱ ዳርቻ የሚሰርቀውንና የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ጽፈዋል። ግዝቱ የሚያስፈራው ማንበብ የሚችለውን፥ አንብቦም የሚያምነውን ሰው ነው። ግዝት የማያስፈራው ሌባ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ እርሱም አንድ ቀን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ ክርስቲያን የገባ፥ ጠይቆም ያልተመለሰለት ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ረ. ምክር

አንደኛ፥ በየአጥቢያው ያለው ንዋየ ቅድሳት በመዝገብ ይግባ፤ ቁጥሩ፥ መልኩ፥ ክብደቱ፥ የሰጪው ስም ከፎቶግራፉ ጋር ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የቅርስ ምዝገባን ያዝዛል። አስረካቢና ተረካቢ እንደ ዕዝራ ዘመን በሚዛንና በቁጥር ይለዋወጡ።

ሁለተኛ፥ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የሚከፍቱት በር ጠባቂውንም ከሐሜት ያድነዋል።

ሦስተኛ፥ በዓመት በዓል ሊታይ የተፈቀደው መስቀልና መጽሐፍ ሲወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ቀርበው ይዩ፤ ካህኑም የእያንዳንዱን ስምና አገልግሎት ይንገራቸው። ረጅም ስብከት አያስፈልግም፤ ለአንድ ዕቃ አንድ ነገር ይበቃል።

አራተኛ፥ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቤተ መዘክር ሲያመጡ አይቻኩሉ። ሃያ ሣጥን አይቶ ከመውጣት በአንድ ሣጥን ፊት ቆሞ ልጁ እስኪጠግብ መጠየቅ ይበልጣል። መልሱን የማያውቅ ወላጅ፥ «እንጠይቅ» ብሎ ከልጁ ጋር ወደ ካህኑ ይሂድ፤ ልጁ ያን ቀን አባቱም ተማሪ መሆኑን ይማራል።

አምስተኛ፥ ለሕፃኑ በቤት ውስጥ ትንሽ አደራ ይሰጠው፤ የጸሎት መጽሐፉን ማቅረብ፥ ጧፉን ማስቀመጥ፥ መጋረጃውን መክፈት ይሁን። በትንሹ የታመነ በብዙ እንደሚሾም ጌታችን በወንጌል አስተምሯልና።

አበው፥ «አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ቁልፍ ያጠብቃል፥ መዝገብም ያጠብቃል፤ ሁለቱም ሊጓደሉ አይገባም። ነገር ግን ቁልፉን የሚይዘው እጅ ያልፋል፥ መዝገቡን የሚጽፈውም እጅ ያልፋል። ከእኛ በኋላ በሩን በማለዳ የሚከፍተው ዛሬ በመስተዋቱ ግርጌ ቆሞ የሚጠይቀው ሕፃን ነው፤ ሲከፍት ሳሙኤልን እንዲመስል ዛሬ በየዓመቱ ልኩን እያየን ትንሹን መደረቢያ ልንሰፋለት ይገባናል።

ሁለቱን አደራ በንጽሕና ጠብቀን ለማስረከብ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።